በሚካኤል ቀን የሚሞላ ክፍል

ጡረታ ከወጣሁ ወራት አልፈዋል፤ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ግን የመጀመሪያ ሐሳቤ እስከ ዛሬ ያው ነው፤ ቀኑ ስንት ነው? ሌላው ሰው ቀን የሚቆጥረው ለደመወዝ ወይም ለቀጠሮ ነው። እኔ የምቆጥረው ክፍሉ ይሞላል ወይስ ይጎድላል ለማለት ነው። አሥራ ሁለት ከሆነ ሚካኤል ነው፣ ይሞላል። አሥራ ስምንት ከሆነ ወንበሩ ባዶውን ይውላል። ከዚያ የምገባበት ክፍል እንደሌለኝ ትዝ ይለኝና ጋቢዬን ወደ ላይ ስቤ ግድግዳውን አያለሁ።

ጎረቤቶቼ "ዕረፍት እንዴት ይዞሻል?" ይሉኛል። "ተመስገን" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ገና አላረፍሁም። የመምህር ድካም እንደ ወፍጮ ቤት ዱቄት ነው፤ ሰው አራግፎት ቢወጣም ማታ ከአንገቱ ሥር ያገኘዋል። ጉልበቴ አብቅቷል፤ ጉሮሮዬም ከዓመታት በፊት ነው የተበላሸው። ይህን የምጽፈው ለመመረቅም ለመመስገንም አይደለም። የዞኑ መምህራን ሲሸኙ የሚባለውን ሁሉ በተሸኘሁበት ቀን ሰምቻለሁ፤ ሻማ ነሽ ብለውኛል፣ ጋቢም አልብሰውኛል። እኔ መናገር የምፈልገው ስለ አንዲት ልጅና ስለ አንድ ጥሩ ዘዴ ነው።

ሥራ የጀመርሁት በይፋግ በኩል፣ ሩዝ በሚዘራበት ሜዳ ላይ ነበር። ከማሠልጠኛ ስወጣ የትምህርት ዕቅድ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ አሳምሬ መጻፍ አውቅ ነበር። ክፍል ስገባ ግን ዕቅዱ ላይ ያሉት ተማሪዎች ሌላ፣ ወንበር ላይ ያሉት ሌላ ሆኑብኝ። ስም ስጠራ ግማሹ "የለም" ነው። ሩዙ ሲያሽት ልጆቹ ወፍ ጥበቃ ናቸው፤ ሲደርስ አጨዳ ናቸው፤ ሜዳው ውኃ ሲተኛበት ደግሞ መሻገሪያ የለም። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ለማንኛውም ችግር መልሳቸው ግን "በሪፖርት አሳውቂ" ነው። አሳወቅሁ። ወባ ያዘኝ፤ እሱንም አሳወቅሁ። በመጨረሻ ዝውውር ጠየቅሁና ከገሳይ ወጣ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ጉና ባዞረ አንድ ቀበሌ ተመደብሁ። ከወባ ወደ ውርጭ ማለት ነው። ደመወዙ ያው ነበር፤ የብርድ ልብስ ወጪ ብቻ ተጨመረብኝ።

ትምህርት ቤቱ ከመኪና መንገድ በእግር የሚገባ ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ መናገር አይቻልም፤ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ እጽፍና ልጆቹ እየሠሩ፣ እኔ እጄን በብብቴ ሥር ወሽቄ እየተንቀጠቀጥሁ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንተያያለን። እንዲህ እንዲህ እያልሁ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን የጨረስሁት እዚያ ነው።

መምህር ያደረጉኝም እዚያ ያገኘኋቸው ሰው ናቸው። ጋሼ አስናቀ ርእሰ መምህርም የሒሳብ መምህርም ነበሩ። በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለው ዜማ ጀምረው ነበር፤ በኋላ አስኳላ ገቡ። በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ባለ ሦስት ቀለም ዕቅዴን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። ቢሮ ሲባል ግማሹ የተሰበረ ወንበር የተከመረበት ክፍል ነው። አገላብጠው አዩት።

"ቀለሙ ያምራል" አሉኝ። "ክፍልፋይን መቼ ልትጀምሪ ነው?"

"ጥቅምት ዘጠኝ፣ ጋሼ።"

"ጥቅምት ዘጠኝ ለማን ነው የምታስተምሪው?"

ለተማሪዎቹ ነዋ፣ አልሁ በሆዴ።

"ጥቅምት ዘጠኝ የገብስ አጨዳ ነው" አሉ። "አሥራ ሁለት ግን ሚካኤል ነው። አጥቢያው በሙሉ ማጭድ አይነካም፤ ልጁ ሁሉ እዚህ ነው። ክፍልፋይን ለሚካኤል አቆይው፤ ማንም ከማያመልጠው።"

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ ደጋ ገበሬው በወር ውስጥ ብዙ ቀን አያርስም። ሥላሴ አለ፣ ሚካኤል አለ፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ ባለወልድ፤ እንደ አጥቢያው ደግሞ ሌላም ይጨመራል። በእነዚህ ቀኖች ማረስ፣ ማጨድ፣ መፍጨት ነውር ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው በዓል ከሻረ በረዶው የሚመታው የሁሉንም አዝመራ ነው ስለሚባል ጎረቤት ጎረቤቱን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን በእነዚህ ቀኖች አይዘጋም። ስለዚህ በሥራ ቀን የቀረው ልጅ ሁሉ በበዓል ቀን ይመጣል። ይፋግ ያለቀስሁበትን ነገር ጋሼ አስናቀ በስንክሳር ፈትተውታል። ይህን የደረሱበት በድቁናቸው ይሁን በድካማቸው እንጃ።

ዘዴያቸው እንዲህ ነበር። አዲስና ከባድ ነገር በበዓል ቀን ብቻ ይሰጣል። በሥራ ቀን የመጡት ጥቂቶች ያለፈውን ይከልሳሉ፤ አዲስ ነገር አይነካም፤ ምክንያቱም የቀሩት ሲመለሱ ገደል ይሆንባቸዋል። ደህና ደህናው ጠመኔ ለበዓል ይቀመጣል፤ በሥራ ቀን በቁርጥራጩ እንጽፋለን። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ እንዳይጮህ ከመጻፋቸው በፊት ለሁለት ይሰብሩታል። ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ በጎን ይቆማሉ እንጂ ጀርባቸውን ለልጆቹ አይሰጡም፤ አንድ ቀን እኔን ዞሬ ስጽፍ አዩኝና "ወዳጄ፣ ትምህርቱን ለሰሌዳው ነው እንዴ የምትነግሪው?" አሉኝ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ እየሰበርን፣ ጥቁሩን ወቅጠን፣ በቅጠል ጭማቂ በጥብጠን ሰሌዳዎቹን እናጠቁር ነበር። እጃችን ሳምንት ሙሉ አይለቅም።

ከሁሉ የወረስሁት ግን ሌላ ነው። የቀረ ልጅ ሲመለስ "የት ነበርህ?" አይሉም። "አጨዳው አለቀ? ስንት ነዶ ወጣው?" ብለው እንደ ትልቅ ሰው ይጠይቁታል። ልጁ እየኮራ ይመልሳል። ከዚያ "እንግዲያ ና፣ ያመለጠህን እናሳይህ" ይላሉ። የክፍልፋይን ነገር በርስት ክፍፍል ነበር የሚያስረዱት፤ አንድ ጥማድ መሬት ለሦስት ወንድማማች፣ ከሦስቱ አንዱ ድርሻውን ለሁለት ልጆቹ። ልጆቹ የገዛ ወንድሞቻቸውን እያሰቡ በክፍሉ ውስጥ ይጣሉ ነበር። ያንን የሰማ ልጅ ስድስተኛ እጅ ምን እንደሆነ እስኪሞት አይረሳም።

አንድ ጊዜ ሱፐርቫይዘር መጣና የእኔን ዕቅድ አይቶ "ይዘቱ ተከታታይነት የለውም" ብሎ አስተያየት ሰጠ። ጋሼ አስናቀ በትሕትና "ልክ ነህ ልጄ፤ ልጆቹም በተከታታይ አይመጡማ" አሉት። ሰውዬው ጻፈው። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

በዚህ ዘዴ ዓመታት ሠራን፤ ኮራሁበትም። በየወረዳው ሥልጠና ላይ ስለ ተማሪ ተኮር ትምህርትና ስለ ተከታታይ ምዘና ሲያወሩ እኔ ልጆቹን የሚያመጣው ምን እንደሆነ አውቃለሁ እያልሁ በልቤ እስቅ ነበር።

ይታይሽ ወደ እጄ የመጣችው ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ነው። ትምህርት ዘግይታ ስለጀመረች ዕድሜዋ ከክፍሏ በለጥ ያለ ነበር። እናቷ ሞታለች፤ የቤቱ ሴት እሷ ናት። ሁለት ታናናሽ ወንድሞች፣ ከብት፣ ውኃ፣ ምግብ፣ ሁሉም በእሷ ላይ ነው። አባቷን አያ ገበየሁ እንላቸዋለን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ልጃቸውን በበዓል ቀን አንድም ሳያስቀሩ ይልካሉ፤ በሥራ ቀን ግን አትመጣም። እሷም በሚካኤልና በማርያም የሳምንቱን ትምህርት እንደ ግመል ውኃ ጠጥታ ትሄዳለች። ፊት ወንበር ትቀመጣለች፤ ጥያቄዋ አያልቅም።

ሐሳቧ ግልጽ ነበር። የስምንተኛ ክፍልን፣ እኛ ሚኒስትሪ የምንለውን ፈተና ካለፈች፣ ደብረ ታቦር አክስቷ ዘንድ ገብታ ዘጠነኛ ትማራለች። አያ ገበየሁም "ካለፈችማ ትሂድ፤ ትልቁ ታናሽ ወንድሟ ደርሷል፣ ቤቱን እንችለዋለን" ብለው በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥተዋል። ካላለፈች ግን እዚያው ናት።

"ቲቸር፣ ማለፍ እኮ እችላለሁ፣ አይደል?" ትለኛለች።

"በሒሳብ ማንም አይደርስብሽም" እላታለሁ። እውነቴን ነበር።

ፈተናው በሰኔ ነው። ሰኔ ደግሞ ለገበሬ እሳት ነው። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ይታይሽ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። የወንፈል ተራው የአባቷ ሆኗል፤ የፈተናው የመጀመሪያ ቀን ሰዎች ድንች ሊኮተኩቱላቸው ይመጣሉ። ወንፈል ማለት ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ እየተባለ በተራ የሚሠራ ነው፤ ተራውን ያሳለፈ ሰው እስኪዞር ይጠብቃል፣ እስከዚያ ድንቹ አረም ይበላዋል። ሰው ሲመጣ ደግሞ መብላትና መጠጣት አለበት። ምግብ የሚያቀርብ ሌላ ሴት ቤቱ ውስጥ የለም።

ሄድሁ። አያ ገበየሁ ደጃፍ ላይ ዶማ ያስተካክሉ ነበር።

"ወንፈል አይመለስም፣ መምህርት" አሉኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት።

"አውቃለሁ። እኔ አበላቸዋለሁ።"

ዶማውን አስቀመጡ። "አንቺ? አንቺ መምህርት ነሽ እኮ።"

"ሽሮ መሥራት ለመምህርት አልተከለከለም።"

"ፈተና አትጠብቂም?"

"ጋሼ አስናቀ በሌላ ሰው ተክተውኛል።"

ዶማውን መልሰው አነሡና "እንግዲህ እግዜር ይስጥሽ" አሉ።

ይታይሽ እንጀራውን ዋዜማ ጋግራ፣ ጠላውን ከጎረቤት አስመጥታ፣ ማለዳ ወደ ፈተናው ሄደች። እኔ ማድ ቤት ገባሁ። ጭሱ ትንሽ ገለል ሲልልኝ ግድግዳውን አየሁት። ከምድጃው ጀምሮ ክንዷ እስከሚደርስበት ድረስ በከሰል ተጽፏል፤ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ ያልታወቀውን ቁጥር መፈለግ፣ ተሠርቶ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና ተሠርቶ። ወጥ እያማሰለች ስትሠራ የከረመችው ነው። እዚያ ጭስ ውስጥ ቆሜ አለቀስሁ፤ በጭሱ አሳብቤ እንጂ ጭሱ አልነበረም። ግድግዳው ላይ የእኔ ትምህርት ብቻ ነበር፤ እንግሊዝኛ የለም፣ ሳይንስ የለም፣ ኅብረተሰብ የለም። ያን ጊዜ ደስ ነው ያለኝ። መደንገጥ ነበረብኝ።

የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ሠርቼ አላውቅም። ሰዎቹ በዶማ የዛለ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። አንዱ ሽማግሌ ጎረሱ። ሁለተኛ ጎረሱ።

"ይሄ የሒሳብ ሽሮ ነው" አሉ። "ጨውን በጨው አባዝታዋለች።"

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጠላው በዚያ ቀን ከወትሮው በላይ ተጠጣ። አያ ገበየሁ ራሳቸው ቀድተው ሰጡኝና "ልጄ ካለፈች ይህን ቀን አልረሳልሽም" አሉኝ። ድካሙ ደስ የሚል ድካም ነበር፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ብዙ አላየሁም።

ውጤቱ ክረምት ላይ መጣ። ይታይሽ በሒሳብ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣች። በጠቅላላው ወደቀች።

የሌሎቹ ትምህርቶች መምህራን የእኛን ዘዴ አይከተሉም ነበር። አዲስ የተመደቡ ወጣቶች ናቸው፤ ዕቅዳቸውን በተርታ ይከተላሉ፤ አልፈርድባቸውም። ይታይሽ በበዓል ቀን ስትመጣ የእነሱ ክፍለ ጊዜ ላይ የምትሰማው የማታውቀውን ነገር ተከታይ ነው። እኔ በሒሳብ ሞልቼ የላክኋት ልጅ በሌላው ሁሉ ባዶ ነበረች።

ጭቃውን እያቦካሁ አያ ገበየሁ ቤት ሄድሁ። ገመድ እየገመዱ ነበር። ይታይሽ ከጓዳ አልወጣችም።

"አያ ገበየሁ፣ ዓመቱን ትድገመውና ትፈተን" አልኋቸው። "አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎ። በሥራ ቀንም ትምጣ።"

"ማን ከለከላት? ትምጣ እንጂ፣ በበዓሉ ሁሉ ትምጣ። አንድ በዓል አስቀርቻት አውቃለሁ?"

"የበዓሉ ብቻ አይበቃም። ትምህርት እንደ እርሻ ነው፤ በየዕለቱ ካልተሠራ አያፈራም።"

ፈገግ አሉ፤ ልጅ ሲሳሳት ሰው ፈገግ እንደሚለው።

"መምህርት፣ እርሻ በሚካኤል አይታረስም።"

"አዎ፣ አይታረስም።"

"ትምህርቱ ግን የሚሞላው በሚካኤል ነው። 'ለሚካኤል እንዳትቀሪ፣ ዋናው ነገር የሚሰጠው ያን ቀን ነው' ብለሽ አንቺ ራስሽ ስንት ጊዜ ልከሽባታል። ሥራ ቢሆን ኖሮ በሚካኤል ይፈቀድ ነበር? ቄሱስ ዝም ይሉ ነበር? እኔስ ልጄን በዓል አስሽሬ በአገር ላይ በረዶ አመጣለሁ?" ገመዱን ሳብ አድርገው አጠበቁት። "ትምህርት ደግ ነገር ነው፤ ጠበል እንደ መሄድ፣ ማኅበር እንደ መጠጣት ነው። ሥራ ባለበት ቀን ግን ሥራ ነው።"

ሳይቆጡ፣ ሳይዘልፉ፣ ለእንግዳ መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ሆነው ነው የነገሩኝ። ጓዳው በር ላይ የይታይሽን ቀሚስ ጫፍ አየሁ፤ ሁሉንም ሰምታለች።

ጋሼ አስናቀን ቢሯቸው አገኘኋቸውና ቃል በቃል ነገርኋቸው። እጃቸው ላይ የነበረውን ጠመኔ እያገላበጡ ሰሙኝ።

"እውነታቸውን ነው" አሉ በመጨረሻ። ቀጥሎ ድምፃቸው አነሰ። "እኔ እኮ ልጆቹን ላያቸው ብዬ ነው።"

ተናድጄ ነበር የሄድሁት፤ በዘዴው፣ በራሴ፣ በእሳቸውም ጭምር። ያን ሲሉ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ለዓመታት ክፍል ስንሞላ አገሩን ያስተማርነው ትምህርት ሥራ የሌለበት ቀን ነገር መሆኑን ነበር። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልሰነፈም። በዚያ ላይ የተሰናከለችው ደግሞ ከሁሉ የምትጓጓው ልጅ ናት።

ጋሼ አስናቀ ነገሩን እንዲሁ የሚተው ሰው አልነበሩም። በቀጣዩ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ከቄሱ ፈቃድ ጠይቀው በዐውደ ምሕረቱ ቆሙ። እኔም ነበርሁ። ትምህርት እንደ እርሻ፣ እንደ አጨዳ ያለ ሥራ መሆኑን፣ ልጅን በሥራ ቀን ማስቀረት ማሳን ጦም እንደ ማሳደር መሆኑን ተናገሩ። ደግመው ደጋግመው "ሥራ ነው" አሉ። ሕዝቡ አዳመጠ። አያ ገበየሁም በመቋሚያቸው ተደግፈው በጥሞና ይሰሙ ነበር።

መስከረም ትምህርት ተከፍቶ በመጣው የገብርኤል ቀን ክፍል ስገባ አንድም ልጅ የለም። ሌላውም ክፍል እንደዚያው። በማርያም ቀን ደገመ። ሰው ለመቃወም ብሎ አልነበረም፤ ጋሼ አስናቀ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ ሥራ ነው ካሉ ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ በበዓል አይሠራም። በሥራ ቀን ደግሞ ማጭዱ፣ ከብቱ፣ ወንፈሉ ያው እንደነበረ ነው፤ የሚተካ እጅ የለም። ስለዚህ የሥራ ቀኑም አልተገኘ፣ የበዓሉም ጠፋ። አራት አምስት ልጅ ይዘን ሰነበትን።

ወር ሲሞላ ጋሼ አስናቀ እንደገና ዐውደ ምሕረት ላይ ወጡ። ትከሻቸው ጎብጦ እንደሆነ እንጃ፣ አጥረው ታዩኝ። "ወገኖቼ፣ ባለፈው የተናገርሁት ለምሳሌ ነው" አሉ። "ትምህርት ሥራ አይደለም። በበዓል ይፈቀዳል። ልጆቻችሁን ላኩልን።" ቄሱም እግዚአብሔር ይስጥዎት አሏቸው። በሚቀጥለው ሚካኤል ክፍሉ ሞላ። ጋሼ አስናቀ ደህናውን ጠመኔ አውጥተው፣ ለሁለት ሰብረው፣ በጎን ቆመው አስተማሩ። ከክፍል ሲወጡ ግን ማንንም ሳያነጋግሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በዓመቱ ጡረታ ወጡ። ስለዚያ ነገር እኔና እሳቸው ዳግመኛ አላወራንም፤ አሁን ጆሯቸው ደክሟል፤ ልጠይቃቸው ስሄድ የምናወራው ስለ ብርዱ ነው።

ይታይሽ ያን ዓመት በበዓል በበዓል መጣች። ፈተናውን ሳትደግም በጥር ወደ ጎረቤት አጥቢያ ተዳረች። ስለ ጋብቻው የጠየቀኝ የለም፤ ሠርጉ ላይ ግን ተጠራሁ። ሄድሁ፣ በላሁ፣ መረቅሁ። ሙሽራዋ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም፤ ልማዱ ነው፣ እኔ ግን ለልማዱ ብቻ አልመሰለኝም። ስመለስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ስንት ተማሪ አሳልፌያለሁ፤ ነርስ የሆነ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አለ፣ መንገድ ላይ አቅፈው ይስሙኛል። ስማቸውን እረሳለሁ። የይታይሽን ከሰል ግን ዓይኔን ስጨፍን አነበዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ማስረዘም አልፈልግም። ወጣቶቹ መምህራን እየተነሡ ሄዱ፤ አንዱ ባጃጅ ገዛ፣ አንዱ ወርቅ ፍለጋ ገባ። መንገድ በተዘጋበትና ትምህርት ቤቱ በቆመበት ጊዜ ቤቴ ቁጭ ብዬ የጠመኔ አቧራ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? ሲከፈት ተመለስሁ። ሒሳቡን አዲስ ለመጣ ወጣት መምህር ሰጡትና ጉሮሮዬም ጉልበቴም እንደደከመ አይተው አንደኛ ክፍል አስገቡኝ። አንደኛ ክፍል ቀላል የሚመስለው ላላስተማረው ነው። እኔ ግን አልተከራከርሁም። ዘዴውንም አልተውሁም፤ አዲስ ፊደል በበዓል ቀን፣ በሥራ ቀን ክለሳ። የማይሆን መሆኑን እያወቅሁ ቀጠልሁ፤ የተሻለ አላገኘሁማ።

የመጨረሻው ዓመቴ ኅዳር ላይ ነበር። ተራ ማክሰኞ ነው፤ አጨዳው ግፊያ ላይ ነው፤ ክፍሌ ውስጥ ያሉት ልጆች አንድ ወንበር አይሞሉም። በሩ ላይ ጥላ አጠላ። አንዲት ሴት አንዲት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ ማጭድ ይዛ ቆማለች። ማጭዱን ከበሩ ሥር አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል በትከሻዋ ያዝኋት። ይታይሽ ነበረች። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፤ ዓይኗ ያው ነው።

"ልጄን ላስመዘግብ ነው" አለች።

"ምዝገባው እኮ በመስከረም አለፈ።"

"አውቃለሁ። በመስከረም አባቷ 'ለበዓሉ ትጀምራለች፣ ምን አስቸኮለሽ' አለኝ። እስካሁን ተከራከርን።" ትንሽ ሳቀች። "ዛሬ አጫጆቹ መሐል አቋርጬ ስመጣ ሁሉም ማጭዱን አቁሞ አየኝ። 'ይታይሽ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?' ይሉኛል። አልፌያቸው መጣሁ።"

አዲስ የመጣ ልጅ ስቀበል ሁልጊዜ እንደምለው ለማለት ቃሉ አፌ ላይ ደረሰ። ለዓመታት ለስንቱ ወላጅ ተናግሬዋለሁ።

"ግዴለም፣ ይታይሽ፤ ዛሬ አዲስ ነገር የለም፣ ክለሳ ነው። ዛሬ ሳይሆን ለሚካኤል ብታመጫት..."

"አይሆንም፣ ቲቸር።" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "በሚካኤል ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። በበዓል አልልካትም። ይሄ ሥራዋ ነው።"

የልጅቱን እጅ ከእጇ አውጥታ በእጄ ላይ አኖረችው። ከዚያ ማጭዷን አንሥታ ወደ አጨዳው ሄደች።